ለመኪናዋ ባለቤት ንገሪልኝ

ትሬቨር፦ ስፖንጁን አስቀምጪ!

ግሌንዳ፦ እንዴ፣ ምን ሆንክ?

ትሬቨር፦ አስቀምጪ አልኩሽ እኮ! ባልዲውንም። ሳሙናውንም። ከመኪናዋ ራቂ!

ግሌንዳ፦ ሰው ይመጣል ትሬቨር። ሰው እየመጣ መኪናዋ በወፍ ኩስ ተሸፍና ትቆይ?

ትሬቨር፦ ሰው ስለሚመጣ እኮ ነው! ኩሱን እንዳትነኪው። እሱ ብቻውን ሃምሳ ፓውንድ ያስቀንሳል።

[ይህ ሁሉ የሚሆነው ብላይዝ ውስጥ ነው፤ በእንግሊዝ ሰሜን፣ ባሕሩ ነፋሱን ጧት ማታ በሚልክባት ከተማ፣ በመስከረም ወር ቅዳሜ ጠዋት። ባለ ስፖንጅዋ ግሌንዳ ዶድስ ትባላለች፤ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ቁርጥማት ጉልበቶቿንና ጣቶቿን ስለያዛት በሁለት ከዘራ ነው የምትሄደው። እንደ እሷ ላሉ አካል ጉዳተኞች መንግሥት የመንቀሳቀሻ አበል ይሰጣል፤ የፈለገ ደግሞ አበሉን ይተውና በምትኩ መኪና ለሦስት ዓመት ይከራያል። ደጃፏ ላይ የቆመችው ሰማያዊ መኪና እንደዚያ የመጣች ናት። ሦስት ዓመቱ ዛሬ አለቀ፤ መኪናዋ ወይ ትመለሳለች፣ ወይ ከኪራይ ድርጅቱ ትገዛለች።

ትሬቨር ታናሽ ወንድሟ ነው። የግሌንዳ ጣቶች መሪ ስለማይጨብጡ ሦስቱንም ዓመት የነዳው እሱ ነው። የራሱ መኪና ካቻምና የካቲት ላይ ዓመታዊ ምርመራ ወድቃ ቀርታለች፤ መርማሪው አይቷት ሲያበቃ ባርኔጣውን አወለቀ ይባላል። ስለዚህ ትሬቨር ይህችን ሰማያዊ መኪና የራሱ ሊያደርጋት ቆርጦ ተነሥቷል። ነገሩን አውጥቶ አውርዶ ጨርሷል፤ ትሬቨር አውጥቶ ያወረደው ነገር ደግሞ አንድም ቀን በደህና አርፎ አያውቅም።]

ግሌንዳ፦ ቆሽሻ እንድትታይ ነው የምትፈልገው?

ትሬቨር፦ ቆሽሻ? ቆሻሻማ ይታጠባል። እኔ የምፈልገው ሰው ሲያያት እንዲያለቅስ ነው! ስሚኝ። የሚመጣው ሰውዬ ማነው?

ግሌንዳ፦ ከመኪና መሸጫው ነው።

ትሬቨር፦ መርማሪ ነው! ይመጣል፤ ይዞራታል፤ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፤ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። አምራ ካገኛት ዋጋዋን ይሰቅለዋል። አስጠልታ ካገኛት ውሰዱልኝ ብሎ ይለምነናል።

ግሌንዳ፦ መርማሪ እንኳን አይመስለኝም፤ እሱ የሚመጣው...

ትሬቨር፦ ግሌንዳ!

ግሌንዳ፦ አቤት።

ትሬቨር፦ ከሁለታችን ስለ መኪና የሚያውቀው ማነው?

ግሌንዳ፦ አንተ።

ትሬቨር፦ እማዬ ሰው ሲናገር ምን አድርጉ ብላ ነው ያሳደገችን?

ግሌንዳ፦ እስኪጨርስ ጠብቁ።

ትሬቨር፦ ጨረስኩ?

ግሌንዳ፦ አንተ? ከተወለድክ ጀምሮ አልጨረስክም።

ትሬቨር፦ እንግዲያው ጠብቂ! [ደጃፉ ላይ ካለው ወንበር አንድ ነገር ያነሳል።] ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?

ግሌንዳ፦ ሪባን።

ትሬቨር፦ ሪባን መሆኑንማ አየሁ፣ ዓይን አለኝ። ቀይ ነው፣ ስፋቱ መዳፌን ያክላል፣ ርዝመቱ ፈረስ ያስራል። ለምንድን ነው?

ግሌንዳ፦ ለመኪናዋ ነው። ሰውዬው ሲመጣ ኮፈኗ ላይ አስረዋለሁ ብዬ...

ትሬቨር፦ ወይ ጉድ! ሙሽራ ናት? ልንድራት ነው? እኔ እዚህ ዋጋ ላስወርድ ስሟሟት አንቺ ሪባን አስረሽ "እንኳን ደህና መጣህ፣ እባክህ አስወድድብን" ልትይው ነው?

ግሌንዳ፦ እሱን እንኳን አላሰብኩትም።

ትሬቨር፦ አታስቢ! ማሰቡን ለኔ ተይልኝ።

ግሌንዳ፦ እሺ። ግን ትሬቨር፣ ደብዳቤው ላይ ዋጋው የሚተመነው በመልኳ አይደለም። በዕድሜዋና በሄደችው ማይል ነው ይላል።

ትሬቨር፦ የምን ደብዳቤ?

ግሌንዳ፦ የመጣው። ሁለት ደብዳቤ ነው የመጣልኝ። አንደኛው ዋጋውን ይናገራል። ሁለተኛው ደግሞ ማክሰኞ ዕለት...

ትሬቨር፦ አነበብሽው?

ግሌንዳ፦ ሁለት ሁለት ጊዜ።

ትሬቨር፦ ስሕተቱ እሱ ላይ ነው! ደብዳቤ የሚጻፈው ለማያውቅ ሰው ነው። የሚያውቅ ሰው ደብዳቤ ምን ያደርግለታል? እኔ ደብዳቤ ከፍቼ የማነብ ሰው አይደለሁም።

ግሌንዳ፦ ለዚህ እኮ ነው ሚስትህ ጃኔት ጥላህ መሄዷን በሦስተኛው ሳምንት የሰማኸው።

ትሬቨር፦ እሷን አታንሺብኝ! ዘመድ ልትጠይቅ የሄደች መስሎኝ ነበር።

ግሌንዳ፦ አልጋውን ይዛ?

ትሬቨር፦ [ጉሮሮውን እየጠረገ] ወደ ቁም ነገራችን። ነገ ምንድን ነው?

ግሌንዳ፦ እሑድ።

ትሬቨር፦ እሑድነቱንማ ውሻም ያውቃል! ነገ የትልቅ ባሮ ሽንኩርት ውድድር ነው! አሥራ አንድ ዓመት ግሌንዳ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጎረቤቴ ኮሊን አንደኛ፣ እኔ ከኋላው። ዘንድሮ ግን ሁለቱ ሽንኩርቶቼ ጭኔን ያክላሉ። ኮሊን በአጥር አጮልቆ አይቷቸው እራት አልበላም ሲሉ ሰምቻለሁ። ታዲያ በምን ልውሰዳቸው? በአውቶቡስ? አምና መኪናዋ ጋራዥ ገብታ በአውቶቡስ ወስጃቸው ምን ሆነ?

ግሌንዳ፦ ሴትዮዋ ተቀመጠችባቸው።

ትሬቨር፦ ተቀመጠችባቸው! ይቅርታ ብላ ተነሣች፤ ከዚያ መልሳ ተቀመጠችባቸው!

ግሌንዳ፦ ወንበር ላይ አስተኝተሃቸው ሴትዮዋ እስከ መቼ ትቁም?

ትሬቨር፦ ስምንት ወር ያሳደግኳቸው! እንደ ልጅ! ያኔ አውቶቡሱ ውስጥ ያለቀስኩትን አባዬ ሲሞት አላለቀስኩም።

ግሌንዳ፦ አውቃለሁ። ሾፌሩ እዚህ ድረስ አመጣህ እኮ።

[ቀልድ የሚመስለው ሰው ካለ ትሬቨርን አያውቀውም። እነዚያን ሁለት ሽንኩርቶች ከየካቲት ጀምሮ ሲያጠጣ፣ ነፋስ ሲነፍስ በራሱ ካፖርት ሲሸፍናቸው ከርሟል። መኪናዋ ከሄደች ነገ የሚቀረው ያው አውቶቡስ ነው፤ ያችም ሴትዮ በሕይወት አለች።]

ትሬቨር፦ ደግሞ መኪናዋ የራሴ ስትሆን ሌላም ጥቅም አለው። እስካሁን ሽንኩርቶቼን ስወስድ አንቺን መጫን ነበረብኝ።

ግሌንዳ፦ ነበረብህ። መኪናዋ ለእኔ ጉዳይ ብቻ ነዋ የተሰጠችው።

ትሬቨር፦ ሕግ ነው! ሕግ አክባሪ ሰው ነኝ። ፖሊስ ቢያስቆመኝ "እህቴን አየር ላስቀበላት ነው" እል ነበር።

ግሌንዳ፦ እነሱ የኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ ታስሮላቸው፣ እኔ ከፊት ኮምፖስት ታቅፌ። ያንን አየር አልረሳውም።

ትሬቨር፦ አሁን ግን ቤትሽ ቁጭ ትያለሽ! ማለቴ፣ ደስ ሲልሽ ትመጫለሽ። [ወደ አጥሩ ጥግ ሄዶ ክዳን ያለው ባልዲ እያንጠለጠለ ይመለሳል።] አሁን ወደ ሥራ! ይሄን ታውቂዋለሽ?

ግሌንዳ፦ ኧረ ትሬቨር፣ ክዳኑን እንዳትከፍተው!

ትሬቨር፦ የሽንኩርቶቼ መድኃኒት ነው። ጥቁር ቢራ፣ የፈረስ ፋንድያ፣ የዓሣ አንጀት። ሌላም ሦስት ነገር አለው፤ እሱን ስሞት ነው የምናገረው። ወለሏ ላይ ግማሹን ባፈስ መርማሪው በር ከፍቶ በሩን ለመዝጋት ጊዜ አያገኝም።

ግሌንዳ፦ ሽታው ይለቃል?

ትሬቨር፦ በፍጹም! እሱ እኮ ነው ዋናው ነገር። አንዴ ኮቴ ላይ ጠብ አለብኝ፤ ኮቱን ቀበርኩት፤ አሁንም ሲዘንብ ይሸተኛል።

ግሌንዳ፦ ታዲያ ስትነዳት ላንተም ይሸትህ የለ?

ትሬቨር፦ እኔ ለምጄዋለሁ።

ግሌንዳ፦ ኮትህን እንኳን አልለመድከውም፣ ቀበርከው። ተው ትሬቨር። ባለቤቱ ቅር ይለዋል።

ትሬቨር፦ የቱ ባለቤት?

ግሌንዳ፦ የመኪናዋ ባለቤት።

ትሬቨር፦ [ከት ብሎ ይስቃል።] አይ አንቺ የዋህ! ባለቤቱ እኮ ለንደን የተቀመጠ ሰው ነው። አውቀዋለሁ።

ግሌንዳ፦ ታውቀዋለህ?

ትሬቨር፦ ዓይነቱን ነዋ። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ።

ግሌንዳ፦ [የወንድሟን ሆድ እያየች።] ሆድስ አለው።

ትሬቨር፦ ራሰ በራ። ለመሸፈን ደግሞ ከጎን ጸጉሩን ወደ መሃል የሚያበጥር።

ግሌንዳ፦ [የወንድሟን አናት እያየች።] እንዴት አድርገህ አወቅከው!

ትሬቨር፦ ሰው ሲናገር የማያስጨርስ። ሁሉን አውቃለሁ ባይ። አንድ ቃል ሲነግሩት አሥር የሚመልስ።

ግሌንዳ፦ ወይ ትሬቨር፣ ፎቶውን ያየኸው ትመስላለህ።

ትሬቨር፦ እንዲህ ዓይነቱ ሰው ጅል ነው። ጅል ደግሞ መኪናው ቢሸት፣ ቢገማ፣ ይበለው! እንዲያውም ባለቤቱን ስታገኚው በኔ ስም ንገሪልኝ። ጅል ነህ በይልኝ።

ግሌንዳ፦ እውነት ልንገረው?

ትሬቨር፦ ዓይን ዓይኑን እያየሽ!

ግሌንዳ፦ እሺ። ግን ከማፍሰስህ በፊት አንድ ነገር ልንገርህማ፤ ማክሰኞ ዕለት እኮ...

ትሬቨር፦ ግሌንዳ፣ ከአሁን በኋላ አንድ ቃል ብትጨምሪ ጥዬሽ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ሥራዬን እስክጨርስ ትንፍሽ እንዳትይ! ገባሽ?

[ግሌንዳ ወንድሟን አየችው። ባልዲውን አየችው። ከዚያም ትንፍሽ ሳትል በሁለት ከዘራዋ እየተደገፈች ወደ ወንበሯ ሄዳ ተቀመጠች፤ ከኪሷ ብስኩት አወጣች። ትሬቨር የኋላውን በር ከፍቶ ባልዲውን ደፋ። የጎረቤት መስኮት ሦስቱም አንድ ላይ ተዘጋ።]

ግሌንዳ፦ [ብስኩቷን መልሳ ኪሷ እየከተተች።] ግማሹን ብለህ ነበር እኮ።

ትሬቨር፦ ከእጄ አመለጠኝ! [ዓይኑ እያለቀሰ።] ግሩም ነው። ግሩም... ቆይ፣ ትንሽ ልተንፍስ። ማይል ነው ያልሽው?

ግሌንዳ፦ ምን?

ትሬቨር፦ ዋጋው በማይል ነው አላልሽም? ብዙ ከሄደች ዋጋዋ ይወርዳል ማለት ነው!

ግሌንዳ፦ ደብዳቤ አልቀበልም አላልክም?

ትሬቨር፦ ደብዳቤውን አልቀበልም፤ ማይሉን ግን እቀበላለሁ። ተነሽ፣ ግቢ!

ግሌንዳ፦ እዚያ ውስጥ? ምን ቆርጦኝ!

ትሬቨር፦ አንቺ ሳትገቢ ብነዳት ሕገ ወጥ ነው! ለአንቺ ጉዳይ ነው መሄድ ያለባት።

ግሌንዳ፦ የኔ ጉዳይ ምንድን ነው?

ትሬቨር፦ አየር መቀበል!

[የከተማው መግቢያ አደባባይ። ሰማያዊዋ መኪና አራቱም መስኮቷ ተከፍቶ አደባባዩን ትዞራለች። ሁለቱም አፍንጫቸው ላይ መሃረብ አስረዋል፤ ከውጭ ላያቸው ባንክ የዘረፉ፣ መውጫው የጠፋባቸው ሁለት ሽማግሌ ሌቦች ይመስላሉ።]

ትሬቨር፦ ስንተኛው ዙር ነው?

ግሌንዳ፦ አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። አይ፣ አሥራ ዘጠኝ። ነዳጅ ማደያውን ሁለቴ ቆጠርኩት መሰለኝ።

ትሬቨር፦ በደንብ ቁጠሪ እንጂ!

ግሌንዳ፦ አናቴ ዞረ እኮ! ደግሞ ትሬቨር...

ትሬቨር፦ ትንፍሽ አትበይ ብዬሽ ነበር።

ግሌንዳ፦ ስለ ደብዳቤው አይደለም። ከኋላችን ሰው አለ።

ትሬቨር፦ ፖሊስ?!

ግሌንዳ፦ አይደለም። ቀይ መኪና ነው። ከእሱ ኋላ ነጭ አለ። ከነጩ ኋላ የዳቦ መኪና። ሰባት ናቸው።

ትሬቨር፦ ምን ፈልገው ነው?

ግሌንዳ፦ እኔ እንጃ። ከአምስተኛው ዙር ጀምሮ ይከተሉናል። ሰልፍ ነው ብለው ይሆናል።

ትሬቨር፦ የምን ሰልፍ?

ግሌንዳ፦ እሱን ማን ይጠይቃል? ሰልፍ ካየህ አንተስ ጠይቀህ ታውቃለህ? አምና ፖስታ ቤቱ በር ላይ ሃያ ደቂቃ ተሰልፈህ፣ መጨረሻው የሰው ቀብር ሆኖ አልተገኘም?

ትሬቨር፦ ቀብሩ ጥሩ ነበር። ሳንድዊቹም። [በመስታወቱ እያየ።] ወጣ ብለው ቢሄዱ ምን ነበረበት!

ግሌንዳ፦ ካንተ ቀድመው? ያፍራሉ። ሰውዬው ከቀዩ መኪና እጁን እያወዛወዘልህ ነው። አጸፋውን መልስለት፣ ነውር ነው።

ትሬቨር፦ [እጁን እያወዛወዘ።] ቆጣሪው ስንት ይላል?

ግሌንዳ፦ ስንነሣ ሃያ አንድ ሺህ አራት መቶ ስድስት ነበር። አሁን ሃያ አንድ ሺህ አራት መቶ አሥር ነው።

ትሬቨር፦ አራት ማይል? ይህን ሁሉ ዞረን አራት ማይል ብቻ?

ግሌንዳ፦ አደባባዩ ትንሽ ነው።

ትሬቨር፦ በአራት ማይል ስንት ይቀንሳሉ?

ግሌንዳ፦ ምንም። ዋጋውማ ማክሰኞ...

ትሬቨር፦ ግሌንዳ!

ግሌንዳ፦ ዝም ብያለሁ።

[ተመልሰው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። የዳቦ መኪናው እስከ ቤት ድረስ ተከትሏቸው፣ ትሬቨር ወርዶ "አልቋል፣ ሂድ" ካለው በኋላ ነው አመስግኖ የሄደው። ትሬቨር የቀረችውን ደቂቃ ሊጠቀምባት መኪናዋን እየዞረ ያያል። እንዳይናገር እንጂ ልቡ ፈራ ተባ ማለት ጀምሯል፤ ምክንያቱም ከሽታው በስተቀር ሰማያዊዋ መኪና አሁንም ውብ ናት።]

ትሬቨር፦ አንድ ሰርጎድ ያለ ነገር ያስፈልጋታል። ትንሽ። ፓራውልቷ ላይ። ጋራዥ ያለው ጓደኛዬ በኋላ በአንድ ቢራ ያቃናልኛል።

ግሌንዳ፦ ባለቤቱ ግን...

ትሬቨር፦ አሁንም ባለቤቱ! ምን ነካሽ? ለሰውዬው ይህን ያህል የምታዝኚለት ዘመድሽ ነው?

ግሌንዳ፦ በእናትም በአባትም።

ትሬቨር፦ [ሳይሰማት፣ ከተንደረደረበት።] እንካ! [በላስቲክ ቦት ጫማው ፓራውልቷን ይመታል።] ወይኔ! ወይኔ አውራ ጣቴ!

[ፓራውልቷ አልሰረጎደም። ግን ከአንድ ጎኑ ቀስ ብሎ ተነቀለና መሬት ነካ።]

ግሌንዳ፦ ተነቀለ።

ትሬቨር፦ [በአንድ እግሩ እየዘለለ።] ይሻላል! ከመሰርጎድ መነቀል ይሻላል! ብቻ ጨርሶ እንዳይወድቅ ማሰሪያ እፈልጋለሁ። ገመድ! ገመድ አለሽ?

ግሌንዳ፦ ገመድ የለኝም። ሪባን አለኝ።

ትሬቨር፦ አምጪው!

ግሌንዳ፦ [ሪባኑን እየሰጠችው።] ከላይ በኩል ቋጥረው። እንደ አበባ አድርገህ።

ትሬቨር፦ ለምን እንደ አበባ?

ግሌንዳ፦ እንዲሁ። ያምራል።

[ትሬቨር እያጉረመረመ ፓራውልቱን በቀይ ሪባን ከኮፈኑ ጋር አሰረ፤ በአበባ ቋጠሮ። በዚህ ጊዜ አዲስ ግራጫ መኪና መጥታ ከጎናቸው ቆመች። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ ወረደ፤ እጁ ላይ ቁልፍና ፖስታ ይዟል። ሰውዬው አፉን ለመክፈት ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ትሬቨር ቀደመው።]

ትሬቨር፦ እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ! ይዩዋት! ይዩና ያልቅሱ! መኪና ነች ይሄ? ፓራውልቷን ሪባን ነው የያዘላት! ይምጡ፣ ወዲህ ያሽትቱ፤ አይፍሩ! ሦስት ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። ማይሏን አልነግርዎትም፣ ይደነግጣሉ። እኛ ከርኅራኄ ብዛት ልንወስድልዎት እንችላለን፤ ግን ዋጋውን እንደ ሰው ያስቡበት። ይሂዱ፣ ይጻፉ! ደብተርዎ የታለ?

[ሰውዬው ሸተተው። አፍንጫውን ያዘ። ለግሌንዳ ቁልፉንና ፖስታውን ሰጥቷት፣ አስፈርሟት፣ ከመንገዱ ማዶ ጓደኛው ወደሚጠብቅበት መኪና እየሮጠ ሄደ።]

ትሬቨር፦ [እጁን እያሻሸ።] አየሽው? አየሽው ሲሮጥ? በነፃ ነው የሚሰጡን! ግን ለምን አልጻፈም? ይህችን ግራጫ መኪናስ ለምን ትቷት ሄደ?

ግሌንዳ፦ ጨርሰሃል?

ትሬቨር፦ ምኑን?

ግሌንዳ፦ መናገሩን።

ትሬቨር፦ እ... አዎ።

ግሌንዳ፦ እርግጠኛ ነህ?

ትሬቨር፦ አዎ አልኩሽ እኮ!

ግሌንዳ፦ እንግዲያው ስማኝ። ሰውዬው መርማሪ አይደለም። ግራጫዋ መኪና የኔ ናት፤ ለሚቀጥለው ሦስት ዓመት እሷን ተከራይቻለሁ። ሰማያዊዋ ደግሞ ማክሰኞ ዕለት ተሸጣለች።

ትሬቨር፦ ተሸጣለች? ለማን? የኔ መኪና? ሳልሰማ? ማነው የገዛት?

ግሌንዳ፦ ስሙ እዚህ ወረቀት ላይ አለ። ይሄ ነው ሁለተኛው ደብዳቤ።

ትሬቨር፦ [ወረቀቱን ሳይቀበል፣ ፊቱ እየቀላ።] ቆይ! እንዳትነግሪኝ። ይሄ የሰፈሬ ሰው ነው፣ አይደል?

ግሌንዳ፦ የሰፈርህ ሰው ነው።

ትሬቨር፦ የባሮ ሽንኩርት ሰው!

ግሌንዳ፦ የባሮ ሽንኩርት ሰው።

ትሬቨር፦ ኮሊን! ኮሊን ነው! በአጥር ሲያጮልቅ መኪናዋንም አይቷታል! ሽንኩርቶቼን በአውቶቡስ ሊያስወስደኝ! [ድንገት ቆሞ ያስባል። ከዚያ ፊቱ እንደ ጸሐይ ይበራል።] ቆይ ቆይ። ኮሊን ነው የገዛት? ይህችን? ከዚህ ሽታ ጋር?

ግሌንዳ፦ ትሬቨር፣ ኮሊን...

ትሬቨር፦ ሃ! ነገ ሽንኩርቶቹን በዚህች ሊወስዳቸው ነው! አንጀቴን አራሰው! ገና በር ሲከፍት ይወድቃል! [ባልዲውን አንሥቶ የቀረችውን ጠብታ በሾፌሩ ወንበር ላይ ያራግፋል።] ይሄ ለአሥራ አንዱ ዓመት! [በጤነኛው እግሩ በሩን ይመታል። በሩ ሰረጎደ።] ይሄ ደግሞ ከአጥሩ ላይ ላጮለቀበት!

ግሌንዳ፦ አሁንስ ጨረስክ?

ትሬቨር፦ [እያለከለከ፣ ደስ ብሎት።] ጨረስኩ። በሕይወቴ እንዲህ ጨርሼ አላውቅም።

ግሌንዳ፦ በል አንብበው።

ትሬቨር፦ ደብዳቤ እኮ እኔ...

ግሌንዳ፦ አንብብ!

[ትሬቨር መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን ተቀበለ። ስሙ በትልቁ ተጽፏል፤ ትሬቨር አርተር ዶድስ። ከሥሩ አድራሻው፣ ከአድራሻው ሥር የሰማያዊዋ መኪና ታርጋ ቁጥር። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ሌላ ስም የለም። በስልሳ አራት ዓመት ዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ አልተናገረም፤ ጎረቤቶቹ ምን ደረሰበት ብለው መስኮት እስከ መክፈት ደረሱ፤ መልሰውም ዘጉት።]

ትሬቨር፦ የኔ ስም ነው።

ግሌንዳ፦ አዎ።

ትሬቨር፦ አንቺ ነሽ የገዛሽልኝ?

ግሌንዳ፦ ቤተሰብ መግዛት ይችላል ይላል የመጀመሪያው ደብዳቤ። ከጡረታዬ እያስቀመጥኩ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በየረቡዑ ሆስፒታል ወሰድከኝ ትሬቨር። በዝናብ፣ በበረዶ፣ የራስህ መኪና ከሞተች ወዲህ ደግሞ በሁለት አውቶቡስ እየመጣህ። አንድ ቀን አርፍደህ አታውቅም። አንድ ቀን ደከመኝ አላልክም፤ ሌላውን ሁሉ ብለሃል፤ እሱን ግን አላልክም። አምና ደግሞ ከዚያ አውቶቡስ ወርደህ የተጨፈለቁትን ሽንኩርቶች ታቅፈህ ደጄ ላይ ስትቆም አንጀቴ ተላወሰ። ለነገው ውድድር እንድትደርስልህ ነው ድርጅቱን ያጣደፍኩት። ሪባን አስሬ፣ "እንካ ወንድሜ" ልልህ ነበር።

ትሬቨር፦ [መሬት ላይ ቁጭ ይላል።] ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?

ግሌንዳ፦ እስክትጨርስ እየጠበቅኩ።

ትሬቨር፦ [የሰረጎደውን በር በመዳፉ እየዳበሰ።] መኪናዬ... በሬ... ግሌንዳ፣ በሬን አየሽው?

ግሌንዳ፦ ሲመታ አይቻለሁ።

ትሬቨር፦ ሽንኩርቶቼስ? በዚህች ከሄዱ እስኪደርሱ ይጠወልጋሉ! ነገ በምን ልውሰዳቸው?

ግሌንዳ፦ በግራጫዋ ይሄዳሉ። የኋላ ወንበር ላይ፣ ቀበቶ ታስሮላቸው። እኔም እሳፈራለሁ፤ ሕግ ነው። ነጂም ተገኝቷል።

ትሬቨር፦ እግዜር ይስጥሽ እህቴ! መቼስ አንቺ... እኔ እኮ በጠዋት ተነሥቼ...

ግሌንዳ፦ አንተ አይደለህም። በዚያ ሱሪና በዚያ ጫማ አዲሷ መኪናዬ ውስጥ አትገባም። ጎረቤቴ ትነዳለች፤ ስሟን የነጂዎቹ ዝርዝር ውስጥ አስገብቻለሁ። አንተ በአውቶቡስ ተከተለን።

ትሬቨር፦ በአውቶቡስ? ሴትዮዋስ?

ግሌንዳ፦ ቦታ ልቀቅላት። [ከዘራዎቿን አስተካክላ ወንድሟ ፊት ትቆማለች፤ ዝቅ ብላ ዓይን ዓይኑን ታያለች።] ደግሞ ልረሳው ነበር። አንድ መልእክት አለብኝ።

ትሬቨር፦ የምን መልእክት?

ግሌንዳ፦ ለመኪናዋ ባለቤት ንገሪልኝ ተብዬ ነው።

ትሬቨር፦ ማን ነው የላከሽ?

ግሌንዳ፦ አንተ። ጅል ነህ በይልኝ ብለሃል።